የፀሐይ አገር ልጆች ቪታሚን ዲ ለምን ያንሳቸዋል? ለወላጆችና ለመድረሳ መምህራን የቀረበ ማብራሪያ



«ለልጄ ቪታሚን ዲ ልግዛለት?» የሚለው ጥያቄ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባሉት የየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች ወላጆች ሲገናኙ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ሦስት ዓይነት መልስም ይሰማል። አንዱ «የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር ምን ቪታሚን ዲ ያስፈልጋል?» ይላል። ሌላው «ልጅ ሁሉ መውሰድ አለበት፤ በሽታ ይከላከላል፣ ቁመት ይጨምራል» ብሎ ወደ ፋርማሲ ይልካል። ሦስተኛው መልስ ሴት ልጆች ያሏቸውን እናቶች የሚያስጨንቅ ነው፤ «ጥፋቱ የሒጃቡ ነው» ይላቸዋል።

ሦስቱም ጉዳዩን በግማሹ ብቻ የያዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የታተሙ ጥናቶችና ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች የሚሉትን ለወላጅ በሚገባ ቋንቋ ያቀርባል። ጸሐፊው መምህር እንጂ ሐኪም ስላልሆነ፣ የታመመን ልጅ የማከም ውሳኔ የሐኪም መሆኑን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ቪታሚን ዲ ምን ይሠራል?

የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ቆዳችን ላይ ሲያርፍ ሰውነታችን ቪታሚን ዲ ይሠራል። ይህ ቪታሚን በጉበትና በኩላሊት በኩል አልፎ ሥራ ላይ ወደሚውለው ቅርጹ ይለወጣል። ዋና ሥራው ካልሲየምና ፎስፈረስ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገቡ ማድረግ ነው። ቪታሚኑ ሲያንስ ልጁ የበላው ካልሲየም በአብዛኛው ሳይጠቅመው ያልፋል። በማደግ ላይ ያለ አጥንትም ይለሰልሳል። ይህ ሕመም ሪኬትስ ይባላል።

ከምግብ የሚገኘው ቪታሚን ዲ በጣም ጥቂት ነው። አንድ እንቁላል በአስኳሉ ውስጥ የሚይዘው ወደ 40 ዩኒት ገደማ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን 600 ዩኒት ነው። ይህን በእንቁላል ብቻ ለመሙላት በቀን 15 እንቁላል ሊያስፈልግ ነው። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በሌላ በኩል ጠቃሚ ቢሆኑም ለቪታሚን ዲ አይቆጠሩም። ስብ ያለው ዓሣ ጥሩ ምንጭ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኞቻችን ማዕድ ላይ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ለእኛ ልጆች ዋናው ምንጭ ፀሐይ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚማሩ 174 ተማሪዎችን መርምሯል። ተማሪዎቹ ጤናማ የሚባሉና ከ11 እስከ 18 ዓመት ያሉ ነበሩ። ከመቶ 42ቱ የቪታሚን ዲ እጥረት ተገኝቶባቸዋል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን በከተማና በገጠር መካከል ያለው ልዩነት ነው። በከተማ ከሚማሩት ወደ 62 በመቶ የሚሆኑት እጥረት ሲኖርባቸው፣ በገጠር ከሚማሩት ግን 21 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሁለቱም ወገኖች የሚኖሩት ከአንድ ሰማይ በታች ነው። ልዩነቱ የመጣው ከፀሐዩ ሳይሆን ከአኗኗሩ ነው። ተመራማሪዎቹ ከእጥረቱ ጋር ተያይዘው ያገኟቸው ነገሮች ልጁ ፀሐይ ላይ የሚቆይበት ጊዜ፣ ለፀሐይ የሚጋለጠው የሰውነት ክፍል መጠን፣ የመኖሪያ ቦታው፣ የእናት የትምህርት ደረጃ፣ የሰውነት ስብ፣ በቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር መኖሩና የቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ናቸው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያንን ከኖርዌይ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በደማቸው ውስጥ ዝቅተኛ ቪታሚን ዲ የተገኘው ፀሐይ በሚበዛላቸው ኢትዮጵያውያን ላይ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር ተነጻጽረው፣ ሪኬትስ በመጀመሪያዎቹ መካከል በ210፣ በሁለተኞቹ መካከል ግን በ20 ብቻ ላይ ተገኝቷል። እነዚህ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ናቸው። ነገር ግን እጥረቱ ከልጅነት ጀምሮ አብሮን የቆየ መሆኑን ያስረዳሉ።

የካና እንጦጦ፦ ፀሐዩ አለ፣ ልጁ የለም

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አላት፤ የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእንጦጦ ንፋስ ቢበርድም ጨረሩ ብርቱ ነው። ብርዱ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው፤ ቪታሚን የሚሠራው ሙቀቱ ሳይሆን ጨረሩ ነው።

ታዲያ ልጆቻችን ይህን ጨረር የሚያገኙት መቼ ነው? በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት የማውቀው የተማሪ ቀን ይህን ይመስላል። ልጁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ሹራቡን ለብሶ ሰርቪስ ይሳፈራል፤ 2 ሰዓት ላይ ክፍል ይገባል። እረፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። እሱም ቢሆን ግቢው ጠባብ ከሆነ በሕንፃ ጥላ ሥር ያልፋል። ምሳ በአዳራሽ ወይም በክፍል ውስጥ ይበላል። ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ወጥቶ በሰርቪስ ይመለሳል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ቴሌቪዥን ያያል። ቅዳሜና እሁድ የሚቀረው ጊዜ ደግሞ ለመድረሳና ለማጠናከሪያ ትምህርት ይውላል። በመስኮት የሚገባ ብርሃን አይረዳውም፤ የመስኮት መስታወት አልትራቫዮሌት ቢን ያስቀረዋልና።

ክረምት ሲገባ ደመናው ይጨመርበታል። ሰውነት ያከማቸው ቪታሚን ለሳምንታት ሊያቆይ ቢችልም፣ በበጋ ያልተከማቸ ነገር በክረምት አይገኝም። በተራራው ላይ እንጨት የምትለቅም ወይም ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀኑን ሙሉ ውጭ ይውላል፤ ኑሮው ግን ሌላ ብዙ ነገር ያሳጣዋል። የምንመኘው ልጆቻችን እንደሱ እንዲደክሙ ሳይሆን ከሱ ቀን ግማሽ ሰዓቷን እንዲያገኙ ነው።

የጥላ ሚዛን

የትኛው ሰዓት ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ሙስሊም ቤተሰብ መልሱን ለመረዳት አይቸገርም። የሶላት ወቅትን በጥላ ማወቅ ለዲናችን ተማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ለቪታሚን ዲም ደንቡ ተመሳሳይ ነው፦ ጥላህ ከቁመትህ ሲያጥር ቆዳህ ቪታሚን ዲ በደንብ ይሠራል፤ ጥላህ ከቁመትህ ሲረዝም ግን የሚሠራው ጥቂት ነው። የብዙኃኑ ዑለማዎች አቋም የዐስርን መግቢያ የአንድ ነገር ጥላ የነገሩን ቁመት ሲያክል፣ የቀትሩ ጥላ ተጨምሮበት፣ እንደሆነ እናስታውስ። እንግዲህ ጠቃሚው ጊዜ የሚያበቃው ዐስር ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በጠዋቱም በዚያው ልክ ይሰላል፤ ፀሐይ በደንብ ከፍ ካለችበት የዱሓ ወቅት ይጀምራል።

በአዲስ አበባ ሰዓት ሲቆጠር በአብዛኛው ዓመት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። በታኅሣሥ ከ4 ሰዓት አልፎ እስከ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያጥራል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን «የጠዋት ፀሐይ ብቻ ነው የሚጠቅመው፣ የቀኑ ምች ነው» ተብለን አድገናል። ለጨቅላ ሕፃን ቆዳው ስስ ስለሆነ የጤና ባለሙያ የነገራችሁን ሰዓት ጠብቁ። ትምህርት ቤት ለደረሰ ልጅ ግን ጥላው ገና ረጅም በሆነበት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተሰልፎ መዝሙር መዘመሩ አይበቃውም። የ4 ሰዓቱ እረፍት ከዚያ ይልቅ ዋጋ አለው።

ምን ያህል ጊዜ? ጥቁር ቆዳ ጨረሩን ስለሚከላከል ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም፤ ሆኖም ፊት፣ እጅና ክንድ፣ ከተቻለም እግር ተገልጦ በአብዛኛው ቀን ግማሽ ሰዓት መቆየት ጥሩ መነሻ ነው። በከፍታችን ላይ ለሰዓታት መቆየት ግን ቆዳንም ዓይንንም ይጎዳል። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ይህን ምክር ፈጽሞ መከተል የለባቸውም፤ ለእነሱ ፀሐይ አደጋ ስለሆነ ቪታሚኑን በሐኪም ምክር ከክኒን ወይም ከጠብታ ያግኙ።

ሒጃብን በተመለከተ

ነገሩን ሳንሸፋፍን እንናገር። የተሸፈነ ቆዳ ቪታሚን ዲ አይሠራም። የአዳማው ጥናትም ለፀሐይ የሚጋለጠው የሰውነት ክፍል መጠን ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል። ይህን መካድ ለልጆቻችን አይጠቅምም። ነገር ግን ያው ጥናት ከዚሁ ጋር በርካታ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። ያለ ሒጃብ ቀኑን በክፍልና በሰርቪስ ውስጥ የሚያሳልፉ የከተማ ወንዶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። «ጥፋቱ የሒጃብ ነው» የሚለው ፍርድ ስለዚህ ልክ አይደለም።

መፍትሔውም ልጅቷን ከአምልኮዋና ከጤናዋ አንዱን ምረጪ ማለት አይደለም። መሸፈን ግዴታ የሚሆነው ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ በግቢ ብትጫወት የሚከለክላት የለም። የደረሰችው ደግሞ በአጥር በተከለለ ግቢ፣ ባዕድ ወንድ በማያያት ቦታ፣ ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ክንዷንና እግሯን ለፀሐይ መስጠት ትችላለች። ግቢ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪስ? የተከለለ በረንዳ ፀሐይ የሚያገኝና መስታወት የሌለው ከሆነ ይጠቅማል። ይህም ካልተቻለ ክኒኑ ወይም ጠብታው የተሠራው እንደዚህ ላለው ሁኔታ ነው። ሙሉ ሒጃብ ወይም ኒቃብ ለምትለብስና የግል ፀሐይ ለማታገኝ ታዳጊ ተጨማሪ ቪታሚን መስጠት እንደ ድክመት ሊታይ አይገባም።

ክኒኑና ጠብታው፦ ለማን፣ ስንት?

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሪኬትስን ስለመከላከልና ስለማከም የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ከአንድ ዓመት በታች ላሉ 400፣ ከዚያ በላይ ላሉ ቢያንስ 600 ዩኒት በቀን ያስፈልጋል ይላል። የኢንዶክሪን ማኅበር የ2024 እ.ኤ.አ. መመሪያም ከ1 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ሪኬትስን ለመከላከል ተጨማሪ ቪታሚን ዲ መስጠትን ይደግፋል፤ ጤነኛ ልጅን በደም ምርመራ ማመላለስን ግን አይመክርም።

ሲገዙ የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

• መጠኑ በ«አይዩ» ወይም በማይክሮግራም ይጻፋል። 1 ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው፤ ስለዚህ 600 ዩኒት ማለት 15 ማይክሮግራም ነው።

• ጠብታ ሲሆን መጠኑ «በአንድ ጠብታ» ይሁን «በአንድ ሚሊሊትር» ለይተው ያንብቡ። ይህን ማደባለቅ ልጁ ከሚገባው ብዙ እጥፍ እንዲወስድ ያደርጋል።

• ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ ከ4 እስከ 8 ዓመት 3,000፣ ከ9 ዓመት በላይ 4,000 ዩኒት ነው።

• ለአዋቂ የታዘዘውን የ50,000 ዩኒት እንክብል ለልጅ አይስጡ። ከፍተኛ መጠን ያለውን መርፌም በራስ ውሳኔ አያስደግሙ።

• ቪታሚኑ በስብ ስለሚሟሟ ከምግብ ጋር ይሰጥ። በረመዳን የሚጾም ልጅ ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ጋር መውሰድ ይችላል።

ከመጠን ሲያልፍ በደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል። ማስመለስ፣ ከፍተኛ ጥማት፣ ሽንት መብዛትና የሆድ ድርቀት ምልክቶቹ ናቸው፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ከፀሐይ ብቻ ግን ቪታሚን ዲ ከመጠን አያልፍም፤ አላህ ለቆዳው የራሱን ገደብ ፈጥሮለታል።

የደም ምርመራ የታዘዘለት ልጅ ካለም ውጤቱ በምን መለኪያ እንደተጻፈ ይጠይቁ። 20 ናኖግራም በሚሊሊትር ማለት 50 ናኖሞል በሊትር ነው፤ በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት ከዚህ በላይ ያለው በቂ ነው። ከ12 ናኖግራም በታች ያለው እጥረት ነው። በአንዳንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ 30 የሚል መስፈርት ስለሚጻፍ፣ ደህና የሆነው ልጅ «ዝቅተኛ» ተብሎ ወላጁ ሊደነግጥ ይችላል።

ክኒኑ የማያደርገው

«ቲቢ ይከላከላል፣ ቁመት ይጨምራል» የሚለው ወሬ በትልልቅ ጥናቶች ተፈትኗል። በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ከ8,800 በላይ ተማሪዎች፣ ገሚሶቹ ቪታሚን ዲ ገሚሶቹ ባዶ እንክብል፣ በየሳምንቱ ለሦስት ዓመት ወስደዋል። የደማቸው ቪታሚን ዲ በእርግጥ ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት ግን በቲቢ መያዝ እንዳልቀነሰ አሳየ፤ በኋላ የወጣውም በቁመታቸው ላይ ለውጥ አላገኘም። በአፍጋኒስታን ካቡል ከ3,000 በላይ ሕፃናት ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናትም በየሦስት ወሩ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አረጋግጧል።

ይህ ማለት ቪታሚኑ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አጥንት ለሚለሰልስበት ልጅ መድኃኒት ነው። ለሁሉም በሽታ የሚሆን ክትባት ግን አይደለም። ለምግብ መግዣ የተቸገረ ቤተሰብ ገንዘቡን ለውድ «የቁመት ክኒን» ማዋል የለበትም፤ ወተት፣ እንቁላልና አትክልት ይቀድማሉ።

ስለ ሐላልነቱ

ቪታሚን ዲ3 በአብዛኛው የሚሠራው ከበግ ሱፍ ላይ ከሚወጣ ቅባት ነው። በሱረቱ አን-ነሕል የእንስሳት ሱፍ አላህ ለሰው ከሰጣቸው ጸጋዎች ጋር ተጠቅሷል፤ በቁሙ ከተሸለተ በግ የሚገኝ ሱፍም ንጹሕ ነው። ዲ2 ደግሞ ከእርሾና ከእንጉዳይ መሰል ነገሮች ይገኛል። ጥያቄ የሚያስነሳው ቪታሚኑ ሳይሆን ለስላሳው የእንክብል ሽፋን ነው፤ ጄላቲን ከአሳማ ወይም ከከብት ሊሠራ ይችላል። በተለወጠው ጄላቲን ላይ ዑለማዎች ቢለያዩም፣ በጠብታና በሚታኘክ ታብሌት መልክ ያለው ስለሚገኝ ከጥርጣሬ መራቅ ቀላል ነው። የፋርማሲ ባለሙያውን ስለ ሽፋኑ ይጠይቁ፤ ብይኑን ደግሞ የሚያምኑትን ኡስታዝ ይጠይቁ።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሚከተሉት በልጅዎ ላይ ከታዩ ክኒን ገዝተው አይጠብቁ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፦ የማያቋርጥ የእግር ወይም የወገብ ሕመም፣ ደረጃ ለመውጣት ወይም ከተቀመጡበት ለመነሳት መቸገር፣ የእግር መቆልመም ወይም ጉልበቶች መጋጨት፣ የእጅ አንጓ ማበጥ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ ወይም መንቀጥቀጥ። እግር የሚቆለምመው በቪታሚን ዲ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል። በጉልበቱ ሕመም ምክንያት ሩጫ የሚሸሽን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት እንጠይቀው።

ለመድረሳና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች

ብዙው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም። የረፍት ሰዓቱን በ4 ሰዓት አካባቢ አድርጎ ልጆችን ከክፍል ማስወጣት፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜን ለሒሳብ ማካካሻ አለመስጠት፣ የቅዳሜና የእሁድ የቁርኣን ሒፍዝ ክለሳን ግቢ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ለሴት ተማሪዎች ወንድ የማይገባበትን የግቢ ክፍል በመጋረጃ መከለል በቂ ነው። ለቤተሰብም ቢሆን በወር አንድ ጁሙዓ ማግስት ልጆችን ወደ እንጦጦ ፓርክ ይዞ መውጣት የቅንጦት ነገር አይደለም።

የምግብ ዘይት ስትገዙም ቪታሚን ኤ እና ዲ የተጨመረበት መሆኑን በጀሪካኑ ላይ አንብቡ።

አላህ ፀሐይን ያለ ክፍያ ሰጥቶናል። የልጆቻችንን ቀን ስናቅድ ከእሷ የሚገናኙባትን ግማሽ ሰዓት እንተውላቸው፤ ያን ለማይችል ልጅ ደግሞ በልኩ የተሰጠ ቪታሚን ሰበብ ይሆናል፤ ፈውሱ ከአላህ ነው። ልጆቻችንን በጤናና በኢማን ያሳድግልን፤ አሚን።

ወላሁ አዕለም።